አሮጌ መኪና አቀበት እምቢ ሲል፦ ማስተካከል፣ ሞተር ማስወረድ ወይስ ሌላ ሞተር መግጠም?

ከጅማ ከተማ ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው አቀበት የአሮጌ መኪና መፈተኛ ነው። የእኔ ቶዮታ ዲኤክስ ባለፈው ክረምት አራት ሰው ጭኖ ከአንደኛ ማርሽ በቀር አልወጣም አለ። ያየው መካኒክ ሁሉ «ሞተሩ ይውረድ»፣ ማለትም ወጥቶ ተፈትቶ ይታደስ፣ አለኝ። ተመሳሳይ ቃል የተነገረው ሰው ኪሱን ከመፍታቱ በፊት ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ቢያያቸው ይጠቅመዋል።

ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ሳስቶ ስለሚገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። ይህን ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) መቀየር አይመልሰውም። ሊመለስ የሚችለው በእርጅናና በቸልታ የጠፋው ነው፤ እርሱም ብዙ ነው።

ርካሹ መንገድ ማስተካከል ነው፦ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ፑንቲና (የካንዴላውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው)፣ የቫልቭ (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ በር) ክፍተት፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)። ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ የሚያመው ይኸው ነው፤ መጠኑ ሲቀነስለት ጉልበቱም ይሻሻላል፣ ቤንዚንም ይተርፋል። በዘይት ከራሰ ግን ችግሩ ጠለቅ ያለ ነው። ጎማውንም አይርሱ። ለጭቃው ይሻላል ብሎ ከመደበኛው 10 በመቶ ከፍ ያለ ጎማ የገጠመ ሰው የመጎተት ኃይሉን በዚያው ልክ ገደማ ቀንሷል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አውልቆ ማስጮህ ግን ጎረቤት ከመረበሽ በቀር በተራ መኪና ላይ የሚታይ ጉልበት አይጨምርም።

ሞተር ማስወረድ ከባድ ወጪ ነው፤ አስፈላጊ መሆኑ መታወቅ ያለበትም በመለኪያ እንጂ በጆሮ አይደለም። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። በባሕር ጠረፍ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር ጅማ ላይ 125 ገደማ ቢያሳይ አላረጀም። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ።

የእኔ ሦስቱ ከ120 በላይ ሲሆኑ አራተኛው 80 ላይ ቆመ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ እንደገና ተለካ። ቁጥሩ ከፍ ቢል ኖሮ ያለቀው ፋሻ (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት) ነበር፤ አልነቃነቅ ስላለ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ዞረ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብቻ ሲነሳ የአንዱ የጭስ ቫልቭ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ ያህል ተቃጥሎ ተበልቷል። ቫልቩ ተቀይሮ፣ ሌሎቹ ተሞርደው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ገባ፤ ፒስተኖቹ ካሉበት አልተነኩም። ዛሬ ጅረንን በሁለተኛ ማርሽ እወጣለሁ። «ይውረድ» የተባለው ሙሉ ሞተር ነበር! ሁሉም ሲሊንደር ዝቅ ብሎ፣ ዘይት ሲጨመር ከፍ የሚል፣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር ከሆነ ግን ይውረድ፤ ማዘግየቱ ወጪ ይጨምራል።

ያገለገለ ሞተር መግጠም የሚያዋጣው ሲሊንደሩ ወይም ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ለተጎዳ ሰው ነው። ከ1.3 ሊትር ወደ 1.6 የሚያድግ ሰው ከፍታው የወሰደበትን ያህል ይመልሳል፤ በጅማ 1.6 የሚጎትተው 1.3 ባሕር ዳርቻ ላይ የሚጎትተውን ያህል ነውና። ነገር ግን ሞተሩ ብቻውን አይመጣም። የሞተሩ መቀመጫ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ራዲያተሩ፣ አንዳንዴም የማርሽ ሳጥኑ ይከተላሉ፤ ፍሬኑም ለአዲሱ ፍጥነት መብቃት አለበት። በዚያ ላይ መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ጤንነቱን አይናገርም። ባትሪና ማስነሻ ሞተር ተገናኝቶለት ኮምፕሬሽኑ ፊትዎ ካልተለካ አይክፈሉ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ የሻጩን ሰነድና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ከገንዘቡ በፊት ይቀበሉ፤ ያለ እነርሱ የተገጠመ ሞተር መኪናውን ለመሸጥ በወጡ ቀን ያስቆምዎታል።