ግማሽ፣ ሙሉ ወይስ አገጩ የሚነሳ? ለአዲስ ሞተረኛ የሄልሜት ንጽጽር

ባለፈው ጥቅምት የእህቴ ልጅ በእንስሳት ሕክምና ተመርቃ በሱሉልታ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሥራ ጀመረች። መሥሪያ ቤቷ ሞተር ብስክሌት ሰጣት፤ ሄልሜቱን ግን ራሷ እንድትገዛ ተነገራት። ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ሁለት ሄልሜት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልን። አንዱ ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ እስከ አገጭ ድረስ የሚሸፍን ነው። ሌላው ቀይና ነጭ፣ ከጆሮ በላይ የሚያልቅ፣ በእጅ ሲይዙት ላባ የሚመስል። እርሷ ሁለተኛውን አነሳች። «ጋሼ፣ ይህ ይቀለኛል፤ ትንፋሼንም አያፍነውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን በዚያ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁና እንድታስቀምጠው ለመንኳት። በሻጩ ፊት፣ በግርግር መካከል ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር መንዳት በፈቃድ የተገደበ ስለሆነ፣ አዲስ ሞተረኛ በብዛት የሚታየው በከተማዋ ዳርቻ ነው፦ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ፣ በገላን። የእነዚህ አካባቢዎች መንገድ የራሱ ጠባይ አለው። አስፋልቱ ሳይታሰብ አልቆ ኮረኮንች ይጀምራል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አያስቆምም። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው አቀበት ላይ ከኋላ ሲኖትራክ ይገፋል፣ ከፊት ጉም ይጋርዳል። ማለዳ ወተት የጫኑ አህዮች መንገዱን ይሞሉታል፤ ማታ ደግሞ ውሻ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ሄልሜት ሲመረጥ ይህ ሁሉ መታሰብ አለበት።

ብዙ ሰው «በሰማንያ እየበረርኩ ብወድቅ ይህ ፕላስቲክ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ሞተረኛ ተንሸራቶ ሲወድቅ ጭንቅላቱ መሬቱን የሚመታው በአብዛኛው ከነበረበት ከፍታ ወደ ታች በሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ የቀረው የሞተሩ ፍጥነት በመንሸራተት ያልቃል። ከ1.8 ሜትር የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ባዶ ራስ ቅል ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ግን ለመግደል ይበቃል። የአውሮፓው የሄልሜት ጥራት ደረጃ በዋናው ፈተናው ሄልሜትን ከብረት ጋር የሚያላትመው በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ነው። ምቱን በዋናነት የሚውጠው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን በካርቶን ውስጥ ተደግፎ የሚመጣበት ዓይነት። ፎሙ እየተጨፈለቀ ምቱን ያበርዳል። አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ግን ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከውጭም ላይታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ሄልሜት ለሞት የመዳረግን ዕድል 42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን 69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስቀምጧል።

ግማሹና ሙሉው

ግማሽ ሄልሜት አናትን ብቻ ይሸፍናል። ጆሮ ግንድ፣ ማጅራትና ፊት ባዶ ናቸው። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል። ነፋስ ያስገባል፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ድምፅ በደንብ ያሰማል፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሳያወልቁ ሰላም ለማለት ያመቻል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን ከግማሽ ሄልሜቶች ብዙዎቹን ሲገለብጧቸው ከውስጥ የሚገኘው ከስስ ስፖንጅ ያለፈ አይደለም። የጣት ውፍረት ያህል ጠንካራ ፎም የሌለው ነገር ቆብ ነው። የግንባታ ሠራተኛ የራስ መከላከያ አድርጎ ሞተር የሚነዳም አይቻለሁ። ያ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንጂ ለሚወድቅ ሰው አይደለም።

ሙሉው ሄልሜት አገጭን ጨምሮ ጭንቅላትን በሙሉ ይይዛል። ክብደቱ በአመዛኙ ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንገት ያደክማል፤ ቀትር ላይ ያሞቃል፤ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ጉም ይሠራል። ታዲያ ለምን እርሱን እመርጣለሁ? ስለ አገጭ ነው። ጀርመናዊው የአደጋ ተመራማሪ ዲትማር ኦተ ሄልሜቶች ላይ የደረሱ ምቶችን በየቦታቸው ሲቆጥር ከሦስት አንድ ያህሉ ያረፉት በአገጩ ክፍል ላይ ነበር። ግማሹ ሄልሜት ያንን ክፍል ጨርሶ የለውም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከቁጥር አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ አስፋልቱ አልቆ ቀዩ አፈር በሚጀምርበት ቦታ የፊት ጎማዬ አዳለጠኝ። ፍጥነቴ ሠላሳ አይሞላም ነበር። እጄን ለመዘርጋት እንኳን ጊዜ አላገኘሁም፤ በፊቴ ተደፋሁና በጠጠሩ ላይ ተጎተትኩ። ስነሣ ጉልበቴ ደምቷል፤ ጥርሴና መንጋጋዬ ግን ደኅና ነበሩ። ያ ሄልሜት አሁንም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዳግመኛ አላደረግሁትም፤ አገጩ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀለሙና ቅርፊቱ ተፍቆ ይታያል። ያን ቀን ግማሹን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የተፋቀው ፊቴ ነበር። የእህቴን ልጅ ከመርካቶ መልስ ቤት ወስጄ ያሳየኋት ይህንኑ ነው፤ ጣቷን በፍቅፋቱ ላይ አሳልፋ ዝም አለች።

አገጩ የሚነሳውና ሌሎቹ

አገጩ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት የሁለቱን ጥቅም አጣምሮ የያዘ ይመስላል። ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያጋጥም ፊትን ገልጦ ሰላም ማለት፣ ነዳጅ ሲቀዳ መነጋገር፣ መነጽር ሳያወልቁ ማጥለቅ ይቻላል። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ይህን ዓይነት ብትመርጡ አልከራከርም። ነገር ግን ተመጣጣኝ ጥራት ካለው ሙሉ ሄልሜት ይከብዳል፣ ይወደዳልም፤ ማጠፊያና መቆለፊያ ስላለውም የሚበላሽ ነገር አለው። በእኛ አቧራ ደግሞ መቆለፊያው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሄልሜቶችን በኮከብ የሚመዝነው ሻርፕ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ፕሮግራም፣ ለእነዚህ ዓይነቶች አገጫቸው በፈተናው ወቅት ስንት ጊዜ ተቆልፎ እንደቆየ ለብቻው በመቶኛ ያወጣል። ሁሉም መቶ በመቶ አያገኙም። በርካሽ ዋጋ የቀረበ ተነሺ ሄልሜት ስታዩ ይህን አስታውሱ፤ ተነሥቶ እያለ መንዳትም ግማሹን አድርጎ ከመንዳት ብዙ አይለይም።

ፊቱ ክፍት ሆኖ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍነው ከግማሹ በእጅጉ ይሻላል፤ የአገጩ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። ከዓይን በላይ እንደ ኮፍያ ጥላ ወደ ፊት የወጣ ረጅም ግንባር ያለው፣ ለገጠር መንገድ የተሠራው ደግሞ አገጭ አለው፣ አየርም በደንብ ያስገባል። ነገር ግን ለብቻው የሚገዛ የዓይን መከላከያ ይፈልጋል፤ አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨመርም ግንባሩን ነፋስ እየያዘ አንገት ይጎትታል።

ምልክቱን ማንበብ

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። እርስዎ ማሰሪያውን ይገልብጡ። በአውሮፓው ደረጃ የጸደቀ ሄልሜት ከውስጥ፣ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለው፤ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ቀጥሎም ረጅም ቁጥር። ያ ቁጥር በ06 ከጀመረ በአዲሱ 22.06 ደረጃ፣ በ05 ከጀመረ በቀድሞው የተፈተነ ነው። አዲሱ በተለያየ ፍጥነት፣ በተጨማሪ ቦታዎች ላይ፣ እንዲሁም ጭንቅላትን በሚያሽከረክር ገደምዳሜ ምት ጭምር ይፈትናል። ፒ የሚል ፊደል ካለበት አገጩ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ጄ ከሆነ አገጭ የለውም። ኤንፒ ከሆነ ደግሞ አገጭ ይምሰል እንጂ አይከላከልም።

ዶት (DOT) የሚባለው የአሜሪካው ደረጃ ከዚህ ይለያል። አምራቹ ራሱ «ደረጃውን አሟልቷል» ብሎ ይለጥፋል፤ መንግሥት ከገበያ ናሙና እየገዛ የሚፈትሸው ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛው ተለጣፊ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና 218 የሚለውን የደረጃ ቁጥር ይይዛል። DOT የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ብቻ ያሉበትን ተለጣፊ ማንም ማተሚያ ቤት ሊያወጣው ስለሚችል አልተማመንበትም። የሕንዱ አይኤስ 4151ም ሕጋዊ ደረጃ ነው። ምርጫው ምንም ምልክት በሌለው ውድ ሄልሜትና ምልክት ባለው ርካሽ መካከል ከሆነ ሳያመነቱ ሁለተኛውን ይውሰዱ። በሻርፕ ፈተና ርካሽ ሆነው አምስት ኮከብ ያገኙ አሉ፤ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለቀለም፣ ለቅለትና ለምቾት ነው።

ልክ

ከዚህ ሁሉ በላይ ልክ ይበልጣል። ሰፊ የሆነ ምርጥ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ከራስ ላይ ይበራል። በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብለው ዙሪያውን ይለኩ። 55 እና 56 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ትንሹ ቁጥር ነው፤ 57 እና 58 መካከለኛ፣ 59 እና 60 ትልቅ። ከዚያ አጥልቀው ማሰሪያውን ያስሩ። ጉንጭ ወደ ውስጥ መገፋት አለበት፤ ሲያኝኩ ጉንጭዎን ከውስጥ ቢነክሱ አይደንግጡ። ጭንቅላትዎን ሲያዞሩ ሄልሜቱ ከቆዳዎ ጋር አብሮ ይዙር። አንድ ሰው ከኋላ ይዞ ወደ ፊት ለመገልበጥ ይሞክር፤ ከወለቀ ይተዉት። ሩብ ሰዓት ያህል አድርገውት ይቆዩ፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም ይቆዩ። ግንባር ላይ አንድ ነጥብ የሚያም ከሆነ ቅርጹ ለእርስዎ አልተሠራም።

ለሴቶች አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ወንድ ሻጭ የሚነግራችሁ አይመስለኝም። ወፍራም ሹሩባ ተሠርታችሁ የለካችሁት ሄልሜት ሹሩባው ሲፈታ ይሰፋል። በየቀኑ በምትነዱበት የፀጉር አሠራር ለኩ፤ ቁጥሩን የምትወስኑት በእርሱ ነው።

ማሰሪያውን በተመለከተ ሁለት የዲ ቅርጽ ያላቸው ቀለበቶች ያሉበትን እመርጣለሁ፤ ለማሰር ያዘገያል፣ ግን የሚበላሽበት ነገር የለም። ጥርስ እየቆጠረ የሚቆለፈውም ጥሩ ነው። መስታወቱ ጠርቶ የሚያሳይ ይሁን። ጥቁሩ ያምራል፤ መብራት በሌለበት መንገድ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ዓይንን ያሳውራል። ብር ከተረፈ ጉም የሚከላከለውን የውስጥ ሽፋን ይግዙ፤ በሐምሌ በእንጦጦ ጀርባ ሲወጡ ዋጋውን ያገኙታል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አይሹት፤ ይፋቃል። በቤንዚንም አያጽዱት፤ ቅርፊቱንም ፎሙንም ይበላዋል። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃል።

ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ። ወድቆ እንደሆነ ፎሙ አይናገርም።

እኛ በመጨረሻ ጥቁሩን ወሰድን፤ በ06 የሚጀምር ቁጥር ነበረበት፣ ፒ ፊደልም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጉንጩ ስፖንጅ ለፊቷ ልክ ሆነ፤ የአንገት ድካሙንም አላነሣችውም። አሁን ጥያቄዋ ሌላ ነው። የክትባት ሳጥን ይዞ ከኋላዋ የሚቀመጠው ረዳቷ እስካሁን ባርኔጣ ብቻ ነው የሚያደርገው። የፊታችን ቅዳሜ እርሱን ይዘን እንወርዳለን፤ ጭንቅላቱ በሌለበት ልክ መገመት አይቻልምና።