«አልሸጥልዎትም» ላለኝ ልጅ

ሰላም የጅማ ሰዎች። ይሄን የምጽፈው በአውራ ጣቴ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ጣቶቼ አመል ዛሬም ተነስቷል። ፊደል ከገደፍኩ አትፍረዱብኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሂርማታ መርካቶ። 19 ዓመት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጫለሁ። ካቻምና ክረምት ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ። ሁለቱም እጄ፣ እኩል። ጠዋት እጄን መጨበጥ አልችልም፣ እስኪፍታታ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» አለኝ። በጅማ ዝናብ ማሳበብ ደግሞ ቀላል ነው። ገበያ ያለውን ቅባት ሁሉ ተቀባሁ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ይባስ አበጠ።

ከዚያ አንድ ሰው ትንንሽ ነጭ ኪኒን ጠቆመኝ። በሁለት ቀን መቀስ ያዝኩ! ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ሰባት ወር ዋጥኩት። ፊቴ ሞልቶ ክብ ሆነ። ጎረቤቱ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ምን ተገኘ?» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የምገዛበት ቤት ተዘግቶ ሌላ ፋርማሲ ገባሁ። ባዶውን ማሸጊያ ሰጠሁት። ልጁ ማሸጊያውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ መልሶ ማሸጊያውን አየ።

«እትዬ፣ ይሄን መውሰድ ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

ነገርኩት።

«አልሸጥልዎትም።»

ጮህኩበት። ብር ይዤ መጥቼ ምን አገባህ አልኩት። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ግፊቴን ለካ። 160 በ100። ግፊት እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ስንት ፍሬ እንደቀረኝ ጠየቀኝ። የሦስት ቀን አለኝ አልኩት። «እሱን እንዳያቋርጡት፣ ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ነገ ጠዋት ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ» አለ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰባት ወር መውሰዴን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ኪኒኑ ስቴሮይድ ነው፤ እብጠቱን ያበርዳል እንጂ በሽታውን አያድንም። የፊቴ ማማር የሱ ሥራ ነበር።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ደምና ራጅ አዘዘ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አለኝ። ሰውነት ራሱን የሚጠብቅበት ኃይል ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲመታ የሚመጣ ነው እንጂ ብርድ አይደለም። ለስፔሻሊስት አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። ቀጠሮው በአምስት ወር። እስከዚያ ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ ሜቶትሬክሴት የሚባል የበሽታውን መድኃኒት አስጀመረኝ።

ማዘዣውን ይዤ ወዴት ሄድኩ? ወደ ጮህኩበት ልጅ። ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰኞ ብቻ» ብሎ ጻፈ። «በሳምንት አንዴ ነው። በየቀኑ ከዋጡት ይገድልዎታል» አለኝ፣ ሳያለሳልስ። ሦስቴ አስደገመኝ። የሜቶትሬክሴቱን ጉዳት የሚቀንሰውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲዱን፣ ሐሙስ አደረገልኝ። የጉበትና የደም ምርመራዬ ሲደርስ «አሠሩ?» ይለኛል። አንዴ ሲብስብኝ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ጨምርልኝ ብዬው ነበር፤ ግፊት ይጨምራልና ግፊቴን አስታውሶ እንደገና እምቢ አለኝ።

ምን ላይ እንደምቀመጥም ጠይቆኛል። በርጩማ ላይ፣ ሌላ ምን ላይ? እዚህ አገር በርጩማ የሌለበት ቤት የለም። ዝቅ ካለ ነገር መነሳት ጉልበት ይጎዳል ብሎ ከፍ ያለ ወንበር አስገዛኝ። ጠዋት ጠዋት እጄን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንድነክርም ነገረኝ። ለዚህ ሁሉ ምክር አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም።

አሁን ለቀጠሮዬ ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሕመሙ አልሄደም። ግን ጣቶቼ በግማሽ ሰዓት ይፍታታሉ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ቁልፉን የእህቴ ልጅ ትተክልልኛለች።

የፋርማሲው ልጅ ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጻፍኩትም። ፋርማሲውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጠይቁኝ። እሁድ ዝግ ነው። ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ «ያቺ ነጯ ኪኒን» ብትሉት አይሰማችሁም።