ለጣልያን ሐይቆች የሴቶች ጉዞ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ እህቶች፣ ቆም በሉ

እህቶቼ፣ ሰሞኑን ጀርመን ባለን ሐበሾች መካከል አንድ ማስታወቂያ እየተዘዋወረ ነው። "ለሴቶች ብቻ! የጣልያን ሐይቆችና የባሕር ዳርቻ፣ 5 ቀን፣ ሁሉም ተካቷል" ይላል። ፎቶው ያምራል። እኔና አራት ጓደኞቼ ባለፈው ኦገስት በዚሁ ጉዞ ሄደን ነበር። የአዘጋጇን ስም አልጽፍም። የደረሰብንን ግን ልነግራችሁ ግድ ነው፣ ለሚቀጥለው ዙር ቀብድ መቀበል ተጀምሯልና።

እኔ የከፈልኩት የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ነው። ከመካከላችን እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት አሉ፣ 64 ዓመታቸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረዋል። እንግዳ ሆነው ሆቴል ሲያድሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዋጋው 790 ዩሮ ነው ተባልን። ገንዘቡ የገባው በአዘጋጇ የግል ሒሳብ ነው። በፔይፓል የላክነውን ደግሞ "ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚለው ላኩት፣ ኮሚሽን እንዳይቆርጥ" አለችን። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና እንደሌለው ያወቅኩት በኋላ ነው። ለጉዞው አስር ቀን ሲቀረው ለነዳጅ ተብሎ 60 ዩሮ ተጨመረብን። ዝም ብለን ከፈልን። መጓጓዣና ሆቴል አንድ ላይ ሲሸጥ በሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ መሠረት ግን ጭማሪ የሚቻለው ውሉ ላይ ከተጻፈ ነው፤ ጉዞው ቢያንስ 20 ቀን ሲቀረውም መነገር አለበት። ጭማሪው ከ8 በመቶ ካለፈ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። እኛ ውል የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን በቴሌግራም የመጣ ፖስተር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፕሮግራም "ጠዋት ከፍራንክፈርት፣ ከሰዓት በኋላ ቤላጆ በጀልባ፣ ማታ ሐይቅ ዳር እራት" ይል ነበር። ካርታ ከፍቼ ብደምር ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር። ከፍራንክፈርት ቤላጆ እስካለችበት ኮሞ ሐይቅ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር እንደ ደንቡ በቀን 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፤ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላም 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። በዚያ ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ የጎትሃርድ ዋሻ አለ። ዋሻው 17 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በእረፍት ወቅት መግቢያው ላይ የሚጠብቀው ሰልፍ ግን ሰዓታት ይበላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ደረስን። ቤላጆም እራቱም ቀረ።

"ሐይቅ ዳር" የተባለው ሆቴል ከሚላኖ ወጣ ብሎ አውራ ጎዳና ዳር ነው። መስኮቱን ስከፍት የጭነት መኪና ማቆሚያ አየሁ። ሐይቁ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለየብቻ አልጋ ይኖራችኋል ተብለን ነበር፤ እትዬን ከማያውቋት ሴት ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኟቸው። ምንም አላሉም። ነጠላቸውን አጣጥፈው መሃል ላይ አደረጉትና ጠርዝ ይዘው ተኙ። ጠዋት ሳያቸው ዓይናቸው ቀልቷል። ስንወጣ ደግሞ የከተማ ግብር ክፈሉ ተባልን፣ በነፍስ ወከፍ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት። ጣልያን ውስጥ ይህ የተለመደ ግብር ነው፣ በሆቴሉ አልፈርድም። "ሁሉም ተካቷል" ሲባል ግን ይህም ተካቷል ብለን ነበር።

ቤላጆን ያየነው በማግስቱ ነው። የኮሞ ሐይቅ እንደ "ለ" ፊደል ሁለት እግር አለው፤ ቤላጆ እግሮቹ በሚለያዩበት ጫፍ ላይ ነች። ማዶ ካለችው ቫሬና በጀልባ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ግን የሄድነው ኦገስት 15 ቀን ነው። ያ ቀን ለጣልያኖች ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓል ነው፣ አገሩ በሙሉ ውኃ ዳር ይወርዳል። 48 ሴቶች ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰለፍን። የጀልባውን ቲኬትም ከኪሳችን ገዛን። ማዶ ስንደርስ "50 ደቂቃ አላችሁ" ተባልን። ውበቱን አልክድም፣ ከተራራው ሥር ያለውን ውኃ ሳይ እንባዬ መጥቷል። ወዲያው ግን ለመልሱ ሰልፍ መሮጥ ሆነ። ፍልሰታ ስለነበር አዘጋጇ የጾም ምግብ ተይዟል ብላን ነበር። የቀረበልን ቅቤ ያለበት ፓስታ ነው። እትዬ ዳቦና ቲማቲም ቀምሰው ዋሉ።

ባሕሩ ጋ ደግሞ "ቺንኩዌ ቴሬ፣ አምስቱም መንደሮች" ነበር የተባለው። ሞንቴሮሶ፣ ቬርናሳ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው። ትልቅ አውቶቡስ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሰው ላ ስፔዚያ ወይም ሌቫንቶ ላይ ወርዶ ባቡር ይይዛል። ከሆቴላችን ላ ስፔዚያ ሦስት ሰዓት ፈጀብን፣ መልሱም ያው ነው። የባቡሩን ቲኬት አሁንም ራሳችን ከፈልን። ኮርኒሊያ ከጣቢያው በላይ ኮረብታ ላይ ናት፣ 380 ገደማ ደረጃ አላት። ጉልበት ለሚያማቸው እናቶች ይህን ቀድሞ የነገራቸው የለም። ሁለት መንደር አይተን ተመለስን። በአራተኛው ቀን "ፖርቶፊኖን እናያለን" ይል ነበር። ራፓሎ ወደብ ላይ አቁመውን "ያውና፣ ማዶ ነው" አሉን። "እናያለን" እና "እንገባለን" እንደሚለያዩ ያን ቀን ገባኝ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ዝምታችን ነው። ይሉኝታ ያዘን። የአገራችን ልጅ ናት፣ ሰው ፊት አናሳፍራት አልን። በጀርመን ሕግ ግን ጉድለቱን እዚያው እያላችሁ ለአዘጋጁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ ያለዚያ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይከብዳል። አጭር የጽሑፍ መልእክትና የክፍሉ ፎቶ ይበቃ ነበር። ስንመለስ ብንጠይቃት "ሐበሻ ሐበሻን ይከሳል እንዴ?" አለችና ከግሩፑ አስወጣችን። መልእክቶቹ በሙሉ አብረው ጠፉብን።

ስለዚህ ማንም ጉዞ ሲሸጥላችሁ መጀመሪያ ዚኸሩንግስሻይን አምጪ በሏት። አዘጋጁ ቢከስር ገንዘባችሁ እንደሚመለስ የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። እሱን ሳይሰጡ ክፍያ መቀበል አይፈቀድም። "እኔ አስተባባሪ ነኝ እንጂ ድርጅት አይደለሁም" ትላችኋለች፣ እኛንም ብላናለች። አልፎ አልፎ፣ ያለ ትርፍ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ለሚደረግ ጉዞ ነው ሕጉ የሚያልፈው። በፖስተር ለሕዝብ እየተሸጠ ትርፍ የሚገኝበት እዚያ ውስጥ አይገባም። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በጽሑፍ ጠይቁና ራሳችሁ ካርታ ላይ ፈልጉት። ጀልባውና ባቡሩ በማን ኪስ እንደሆነም አስጽፉ። ደግሞ ከሚላኖ ማዕከላዊ ጣቢያ ቫሬና በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አምስት ሆነን ራሳችን መሄድ እንችል ነበር።

ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ሳትጣሉ በፊት መልእክቶቹን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከተማችሁ ያለው ፈርብራውኸርሴንትራለ፣ የሸማቾች ምክር ቢሮው ማለቴ ነው፣ በትንሽ ክፍያ ያማክራችኋል። ይገባናል የምንለውን ለመጠየቅ ጉዞው ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት ጊዜ አለን። እኛ ለፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል፣ እትዬም ይመጣሉ። ከ48ቱ መካከል የነበራችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ፈልጉና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።