የዋሻ ገመድ ያላችሁ፣ ለእኚህ ሰው ሳታሳዩ አትውረዱ

ከአትላንታ እየተነሳችሁ ቅዳሜና እሁድ ዋሻ ለመውረድ የምትወጡ ሐበሾች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በአደባባይ ላመሰግናቸው የምፈልግ አንድ ሰው አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ አልጽፈውም። የእኛ ልጆች «አባባ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ለምደውታል። ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው፤ የሚኖሩት በሰሜን ምዕራብ ጆርጂያ ነው። ሥራቸው የዋሻ ገመድ መመርመር ነው።

አካባቢውን የማታውቁ ካላችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ፒጅን ማውንቴን በተባለው ተራራ ውስጥ ኤሊሰንስ የሚባል ዋሻ አለ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ፋንታስቲክ ፒት የተባለው ጉድጓድ 179 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሰውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ገመድ ነው። የታወቁ የዋሻ ገመድ ፋብሪካዎችም የተቋቋሙት እዚሁ ጆርጂያ፣ ላፋየትና ካሮልተን ውስጥ ነው። የመሠረቷቸው ራሳቸው ዋሻ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። አባባ የኖሩት በእንዲህ ያለ አካባቢ ነው።

ገመድ ስትወስዱላቸው አስቀድመው የሚጠይቁት ታሪኩን ነው። መቼ ተመረተ? ማን ወረደበት? የት ተቀመጠ? ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ይዳስሱታል። ወሬ አያወሩም፣ ስልክ አያነሱም። ገመዱ ረጅም ከሆነ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ አንድ ቀን አስረዱን። ክብደቱን በአብዛኛው የሚሸከመው ውስጠኛው የናይሎን ክር ነው። ውጪ ያለው ሽፋን ክሩን ይጠብቃል፤ ግን ደግሞ ይደብቀዋል። ስለዚህ በየክንዱ እያጠፉ ያዩታል። ጤነኛ ገመድ ሲታጠፍ ክብ ቀለበት ይሠራል። ውስጡ የተጎዳ ከሆነ ግን ያ ቦታ ላይ ልፍስፍስ ብሎ ይታጠፋል። የጠነከረ፣ ያበጠ፣ የቀጠነ ወይም ሰው ሲወርድ ገመዱ ላይ በሚንሸራተተው የመውረጃ ብረት ሙቀት ያብለጨለጨ ቦታ ካገኙ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል።

ያከበርኳቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አንድ ጓደኛችን ከኢንተርኔት የገዛውን ያገለገለ ገመድ ይዞ ሄደ። ሲታይ አዲስ ነው የሚመስለው። አባባ ዳሰሱት፣ አጠፉት፣ ምንም አላገኙበትም። የት ተቀምጦ እንደነበር ሲጠይቁት ግን ሻጩ የነገረውን ነገራቸው፦ ፒክአፕ መኪና ላይ፣ ከአሮጌ ባትሪ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ። በዚሁ አበቃ። የባትሪ አሲድ ናይሎንን ይበላል፤ ሲበላም ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም።

ጓደኛችን ተከራከረ። «ምንም አልሆነም እኮ፣ እዩት!» አላቸው።

«ስለማይታይ ነው የማልቀበለው» አሉት።

ገንዘብ አላስከፈሉትም። ገመዱን ግን እዚያው ፊቱ ቆራረጡት፤ በእርግጥ አስፈቅደው ነው። ሙሉውን ከመለሱለት ነገ ሌላ ሰው ይንጠለጠልበታል ብለው ነው። ደንበኛ ማስደሰት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም። እኔ የምፈልገው ደግሞ እንዲህ የሚያደርገውን ነው።

ጋራዣቸው ውስጥ ገመድ እየወጠረ የሚበጥስ የሃይድሮሊክ መሣሪያ አለ። ከአገልግሎት የወጣ ገመድ ሁለቱን ጫፍ በስምንት ቁጥር ቋጠሮ አስረው ሲወጥሩት አየን። የተበጠሰው ከቋጠሮው ሥር ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እዚያ ነው የሚበጠሰው አሉን። ገመዱ ቋጠሮው ውስጥ ሲጠመዘዝ በውጪ በኩል ያለው ክር ይወጠራል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይጨመቃል፤ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። ስምንት ቁጥር ከገመዱ አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ይወስዳል። ተራው ቋጠሮ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ቋጠሮ ላይ ቀልድ የለም። ቋጠሮው ውስጥ ያሉት የገመዱ እጥፎች ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው። ከቋጠሮው የሚወጣው እያንዳንዱ ጫፍ ለብቻው እየተሳበ ቋጠሮው እንዲጠብቅ ይደረጋል። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጭራ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት አሥር እጥፍ ይሁን። ወደ ታች የሚወርደው የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ማቆሚያ ቋጠሮ ግድ ነው፤ ገመዱ ካጠረ ሰው ጫፉን አልፎ እንዳይወድቅ። ይህችን አሥር ጊዜ ብትሰሙም ደግመው ይነግሯችኋል።

አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 1891 የሚባል መስፈርት አለ። ጠንካራው ዓይነት ገመድ 100 ኪሎ ታስሮበት ክብደቱ አምስት ጊዜ ሲለቀቅበት መቻል አለበት። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን የሚፈተነው አዲስ ገመድ ነው። የተፈተነው ቁራጭ ይጣላል፤ እኛ የምንወርደው ባልተፈተነው ነው። የሚቀረን እንግዲህ ታሪኩን መዝግቦ መያዝና የሚያውቅ ጣት ነው።

እጥበትም ያስተምራሉ። ጭቃ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ሽፋኑን አልፎ ክሩን ይከረክረዋል፤ ስለዚህ ከዋሻ እንደተመለሳችሁ እጠቡ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና። በረኪና በፍጹም። ማድረቅ ጥላ ውስጥ ነው። ገመድ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ያጥራል፤ ስለዚህ እንደገና ለኩት። የሌሊት ወፎችን የሚጨርሰው «ነጭ አፍንጫ» የተባለው የፈንገስ በሽታ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጆርጂያም ገብቷል። ዕቃ ላይ የቀረውን ፈንገስ ለመግደል የሚመከረው ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። አባባ ግን ገመድ ከመዘፍዘፋቸው በፊት አምራቹ ምን እንደሚል ያነባሉ።

አንዴ ስለ ደብረ ዳሞ አጫወትኳቸው፤ ወንዶች በጠፍር ገመድ ገደሉን እየወጡ ገዳሙ እንደሚገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ገዳሙ ዕድሜ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ወዲያው «ጠፍሩን የሚያየው ማነው? መቼ ነው የሚቀይሩት?» አሉኝ። በጣም ወደድኳቸው።

አባባ፣ እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ይህን ጽሑፍ ልጆቹ ይተረጉሙልዎታል።

ገመድ ማስመርመር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ገመዱን አጥባችሁና አድርቃችሁ ውሰዱ፤ ጭቃ ያለበትን አይቀበሉም። የተመረተበት ዓመት ያለበትን ወረቀት ያዙ። ሁለተኛ እጅ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የት አስቀምጦት እንደነበር አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቃቸው አይቀርም።