ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ ሳትከፍሉ ይቺን አንብቡ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን ምጽፈው ስራ ሳታቆሙ ቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ለመስራት ለምታስቡ ማናጀሮች፣ የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ የቅርንጫፍ ስራ አስኪያጆች ነው። ሰሞኑን የአዲስ ባች ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ በብዛት ሲለቀቅ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አቤቱታችን ገና በሂደት ላይ ነው፣ ደግሞም አሰራሩ የአንድ ቢሮ ብቻ አይደለም።

እኔ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ፣ ስራ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። ሚያዝያ 2016 ቦሌ ወደሚገኘው ቢሮ የሄድኩት ማስታወቂያው ላይ "የእንግሊዝ ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ በ12 ወር፣ የጋት ፈተና አያስፈልግም" ስለሚል ነበር። ጋት ያው ከ2015 ጀምሮ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባት የመጣው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፣ እና እውነቱን ልናገር፣ እኔን የሳበኝ ይሄ "አያስፈልግም" የሚለው ቃል ነው፣ ልጆች አሉኝ፣ የዓመት ሂሳብ መዝጊያ እየደረሰ ነበር፣ መቼ ቁጭ ብዬ ለፈተና እንደማጠና ሳስበው ጨንቆኝ ነበር። ፈተናው ለምን እንደማያስፈልግ ግን አልጠየቅኩም። ማያስፈልገው ፕሮግራሙ እዚህ አገር እንደ ማስተርስ ስላልተመዘገበ ነው፣ ይሄን የተረዳሁት ሁሉንም ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ክፍያው 4,800 ዶላር ነው፣ በሦስት ዙር 1,600፣ 1,600 እየተባለ፣ በብር ሚከፈል "በዕለቱ የባንክ ምንዛሬ"። ይቺ "በዕለቱ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። የመጀመሪያውን ስከፍል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ 91,200 ብር ከፈልኩ፣ እሱንም የእቁብ እጣዬ ወጥቶልኝ ነው። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፣ ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ዶላሩ ከመቶ ብር በላይ ሆኖ ወደ 180 ሺህ ተጠየቅኩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥር ላይ ከ200 ሺህ አለፈ። ስመዘገብ ወደ 274 ሺህ ብር ነው ብዬ ያሰብኩት ነገር 475 ሺህ አካባቢ ገባ ማለት ነው። መምህሮቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ አዳራሹ እዚሁ ነው፣ የነሱ ወጪ በብር ነው፣ እኛ ግን በዶላር። "እናቋርጣለን ብራችንን መልሱ" ያልን ልጆች ነበርን፣ ውሉን አውጥተው ተራ ቁጥር 9 ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አሳዩን፣ የተከፈለ ክፍያ በምንም ምክንያት አይመለስም ይላል፣ ከስሩ ደግሞ የሁላችንም ፊርማ አለ።

ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፣ ሀሰት አልናገርም። ስትራቴጂ ያስተማሩን መምህር በጣም ጎበዝ ናቸው፣ ዛሬም ስራዬ ላይ ምጠቀምበት ነገር አስተምረውኛል። ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን ነገሩ በዙም ሆነ፣ ቀጥሎ ቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ መላክ መጣ። አንዴ የኦፕሬሽን ማኔጅመንት አሳይንመንት ሳስገባ ፋይል ተሳስቼ ገና መግቢያው ብቻ የተጻፈበትን ሁለት ገጽ ላክሁ፣ በማግስቱ ትክክለኛውን ልልክ ስገባ ውጤት ተሰጥቶ አገኘሁት፣ 72። ማንም እንዳላነበበው ያኔ ነው የገባኝ። ባችሜቶቼ ጋ ስናወራ ለሁሉም 70 እና 75 መሀል ነው ውጤቱ።

ዋናው ጉድ ግን ሰርተፍኬቱ ላይ ነው። ድርጅቴ ውስጥ የምክትል ሥራ አስኪያጅ ቦታ ክፍት ሆኖ ማስተርስ ያለው ይወዳደር ሲባል ወረቀቴን ይዤ ለአቻ ግምት፣ ማለትም የውጭ ወረቀት እዚህ አገር ካለው ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄድኩ፣ ያ በፊት የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው ማለት ነው። መስኮቱ ላይ የነበሩት በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ጣታቸውን ርዕሱ ላይ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ዲግሪ አይደለም" አሉኝ። እኔ ሌቨል 7 እኮ ነው፣ ማስተርስ ማለት ነው ብለውናል አልኳቸው። "የት ነው የተማርሽው?" አሉኝ። እዚሁ ቦሌ ነው አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ቤት ገብቼ ነው በደንብ ያጣራሁት። በእንግሊዝ አቆጣጠር ሌቨል 7 የማስተርስ ደረጃ መሆኑ እውነት ነው፣ ማታለያውም እዚህ ጋ ነው ያለው። ደረጃው አንድ ይሁን እንጂ መጠኑ ይለያያል፣ ሙሉ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፣ ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ 120፣ ፖስት ግራጁዌት ሰርተፍኬት 60። እኛ የተሰጠን 120ውን ነው። የቀረው 60 ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ የመመረቂያ ጽሁፉ ነው፣ እሱን ዩኒቨርሲቲ ተመዝግባችሁ "ቶፕ አፕ" ሚሉትን ካልጨረሳችሁ ኤምቢኤ ሚባል የለም። ዲፕሎማውን የሰጠውም ብሮሹሩ ላይ ህንጻው የታየው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ፈትኖ ወረቀት ሚሰጥ ሌላ ድርጅት ነው። ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ምንም ሳትደነግጥ "አዎ ቶፕ አፑ ለብቻው ነው፣ 2,500 ዶላር" አለችኝ፣ ስንመዘገብ ግን አንድም ሰው ቶፕ አፕ የሚል ቃል አልተነፈሰም።

ሌላው ሚያንገበግበኝ ደረሰኙ ነው። የመጀመሪያ ክፍያዬ ደረሰኝ ላይ የአገልግሎቱ ዓይነት "የስልጠናና ማማከር አገልግሎት" ይላል፣ ዋጋ 79,304.35፣ ቫት 11,895.65። የትምህርት ተቋም የሚሰጠው የትምህርት አገልግሎት ከቫት ነፃ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። እንደ ትምህርት ተቋም ፈቃድ ቢኖራቸው ቫት ለምን ይቆርጣሉ? ደረሰኙ ራሱ ትምህርት ቤት አይደለንም እያለ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ከማስታወቂያው ወረቀት ጋር አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የናንተም ደረሰኝ ላይ ቫት ካለ እዛው ቆማችሁ ጠይቁ፣ የንግድ ፈቃዳቸውንም በቲን ቁጥር ኢትሬድ በሚባለው የንግድ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ እዩት፣ ዘርፉ ማማከር ከሆነ ማስተርስ መስጠት አይችሉም።

ስለ አክሬዲቴሽን፣ ማለትም ስለ ጥራት እውቅና፣ ደግሞ። ብሮሹሩ ላይ ሎጎ ይደረደራል፣ ወርቅማ ክብ ማህተም ምናምን። በቢዝነስ ትምህርት ዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራው ሦስት ናቸው፣ የአሜሪካው ኤኤሲኤስቢ፣ የለንደኑ አምባ እና ብራስልስ ያለው ኢኩዊስ። ሦስቱም ያጸደቋቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ዌብሳይታቸው ላይ ያወጣሉ፣ መፈለግ በነፃ ነው። "የኤኤሲኤስቢ ሜምበር ነን" ሲሏችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ሜምበር መሆንና አክሬዲትድ መሆን ለየቅል ነው፣ አባል ሆኖ ያልጸደቀ ትምህርት ቤት ሞልቷል። የማታውቁት ስም ከሆነ ደግሞ አክሬዲት አድራጊው ራሱ የፈጠራ ሊሆን ይችላል፣ ካራቺ የነበረው አክዛክት በ2015 እ.ኤ.አ. ሲጋለጥ የሀሰት ዩኒቨርሲቲዎችን ብቻ ሳይሆን እነሱን አጸደቅን ሚሉ የሀሰት አካላትንም ፈጥሮ ነበር የተገኘው።

ከምንም በላይ ግን የአገር ውስጡን ፈቃድ አጣሩ። "ፓርትነር ነን፣ ኤምኦዩ (የመግባቢያ ሰነድ) ተፈራርመናል" ማለት ፈቃድ አይደለም። ባለሥልጣኑ እውቅና ሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈቃድ አለን ወይም በመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም ፈቃድ አለን ቢሏችሁ ለኤምቢኤው አይሰራም። ቢሮው ውስጥ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አይታችሁ አትመለሱ፣ እኔም አይቼ ነው የተመለስኩት፣ የፕሮግራሙን ሙሉ ስም እና የካምፓሱን አድራሻ ጽፋችሁ ባለሥልጣኑ ጋ ራሳችሁ ሂዱ። ድርጅቱን ደግሞ በጽሁፍ ጠይቁት፣ መጨረሻ ላይ ሚሰጠኝ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ምን ይላል፣ ማን ነው ሚሰጠው፣ ስንት ክሬዲት ነው፣ ከዚህ ክፍያ ውጪ ሚጨመር ነገር አለ ወይ። በስልክና በቃል ሚመልሱት ነገር ኋላ ምንም አያደርግላችሁም፣ ለኛ የቀረን ማስረጃ በጽሁፍ ያለው ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ለተመረቀ ሰው ይደውሉ ብለው ቁጥር ከሰጧችሁም ቁጥሩን አትመኑ፣ ከተመረቀ ሰው ጋር ራሳችሁ ፈልጋችሁ አውሩ፣ አቻ ግምት አገኘህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ከኛ ባች አንዱ ወንድማችን መንግስት መስሪያ ቤት ነው ሚሰራው፣ ማስረጃ ይጣራ ሲባል ይሄንን ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ስለነበር ሀሰተኛ ማስረጃ አቀረብክ ተብሎ ለማስረዳት ወራት ፈጅቶበታል፣ ሰውየው ግን ማንንም አላታለለም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ተለይቶ ተምሯል። የኔ ሄዷል፣ ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ እሱን ትቼዋለሁ፣ የሱን ሳስብ ግን ያመኛል።

አሁን 11 ሆነን ውላችንን፣ ደረሰኞቻችንን፣ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርገን ለንግድ ሚኒስቴር የሸማቾች ጉዳይ አመልክተናል። ከኛ በፊት ወይ በኋላ ባች የተማራችሁ ካላችሁ ውላችሁንና የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አትጣሉ፣ በተለይ "ማስተርስ" ወይም "ኤምቢኤ ዲግሪ" ብሎ የጻፈበት ቴሌግራም ፖስት ካላችሁ ሳይጠፋ አስቀምጡት፣ የኛውን ሰሞኑን ገብተው እያጠፉት ነው። የምዝገባ 3,000 ብር ብቻ የከፈላችሁ ደግሞ እሱ ይቅርባችሁ፣ አንደኛውን ዙር ባለሥልጣኑ ጋ ሳትሄዱ እንዳትከፍሉ።