«ሙሉ ነው» እየተባለ በጥቅል ስለሚሸጠው የድሮ ድራጎን መጽሔት፦ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በአንድ መሪ ተራኪነት የሚጫወተውን የሚና ጨዋታ ለምትጫወቱ፣ በተለይ ደግሞ የድሮዎቹን መጽሔቶች አሜሪካ ባለ ዘመድ በኩል ለማስመጣት ለምታስቡ ነው። ሰሞኑን በኦንላይን ገበያ ላይ «የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ድራጎን መጽሔቶች፣ ሙሉ፣ ከነአባሪዎቻቸው፣ በጥሩ ይዞታ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አንድ ጥቅል ገዛሁ። ከ200 ዶላር በላይ ወጣብኝ፤ የመላኪያው ሂሳብ ለብቻው ነው። ፎቶዎቹ ላይ ሽፋኖቹ ተደርድረው ያምራሉ። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ውስጡን ለቄስ ሆኖ ተገኘ።

የሻጩን ስም አላነሳም። ተመሳሳይ ማስታወቂያ ይዘው የተደረደሩ ሌሎች ሻጮችም ስላሉ የአንዱን ስም ብቻ ብታውቁ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ አሠራሩን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ መጽሔቱን ለማታውቁት። ድራጎን የጨዋታው አሳታሚ የነበረው ቲ.ኤስ.አር. ከዊስኮንሲን ያወጣው የነበረ መጽሔት ነው። ከእሱ በፊት በ1975 የተጀመረው «ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው» ነበር፤ እሱ በሰባት እትም ሲያበቃ በጁን 1976 ድራጎን ቁጥር 1 ወጣ። በወረቀት የታተመው የመጨረሻው ቁጥር 359 ሲሆን ጊዜው ሴፕቴምበር 2007 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እነዚህን መጽሔቶች ዛሬ መልሶ ማንበብ ዋጋ አለው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ብዙዎቻችን የምንጫወትበት ፎርጎትን ሪልምስ የተባለው ምናባዊ ዓለም በ1987 በሳጥን ከመታተሙ ከዓመታት በፊት ፈጣሪው ኤድ ግሪንውድ በድራጎን ገጾች ላይ በቁርጥራጭ ሲያስተዋውቀው ነበር። የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣው በቁጥር 30፣ በ1979 ነው። በቁጥር 62 ደግሞ ኤልሚንስተር የተባለው የዚያ ዓለም ጠንቋይ ስለ አስማት መጻሕፍት የሚያወጋበትን ዓምድ ጀመረ። እዚያ ያሉት ድግምቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በመጨረሻ የት እንደጠፋ ይተረክላችኋል። ቁጥር 72 ላይ የአንድን ጭራቅ አኗኗር እንደ ተፈጥሮ ተመራማሪ የሚተነትነው ተከታታይ ጽሑፍ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ባለታሪክ ከዋሻ ጣሪያ ላይ እንደ ድንጋይ ተንጠልጥሎ ሰው ላይ የሚወድቀው ፒርሰር ነው። ጨዋታ ለሚመራ ሰው ይህን የሚተካ ነገር በአዲሶቹ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም አላገኘሁም።

ታዲያ ችግሩ ያለው መሃሉ ላይ ነው። የድሮ ድራጎን ዝም ብሎ የሚነበብ ብቻ አልነበረም። በብዙ ቁጥሮች መሃል ላይ ተገንጥሎ የሚወጣ ጀብዱ (ለመጫወት የተዘጋጀ ታሪክ)፣ ካርታ ወይም ራሱን የቻለ ሙሉ ጨዋታ ከነመጫወቻ ሰሌዳውና እየተቆረጡ ከሚወጡት ጠጠሮቹ ጋር ይታተም ነበር። ቶም ዋም የሠራቸው ጨዋታዎች ዋናዎቹ ናቸው፦ በቁጥር 28 የጠፈር መርከብ ስለሚወርሩ አረንጓዴ ፍጥረታት የሚናገረው፣ በቁጥር 51 የንጉሠ ነገሥቱን ሀብት የማደኑ፣ በቁጥር 77 ከሮብ ኩንትዝ ጋር የሠራው «ኪንግ ኦቭ ዘ ቴብልቶፕ»። ለእነዚህ ቁጥሮች ተጨማሪ ገንዘብ የምንከፍለው ለሽፋናቸው ብለን አይደለም፤ መሃላቸው ላይ ላለው ነገር ነው። ሻጮቹም ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አባሪውን አውጥተው ለብቻው በጥሩ ዋጋ ይሸጡታል። ከዚያ ቀፎውን ከሌሎች ጋር ቀላቅለው «ሙሉ» ብለው በጥቅል ያወጡታል።

የእኔን ቁጥር 28 ስከፍት ማውጫው ገጽ ጨዋታው ውስጥ እንዳለ ይናገራል። መሃሉን ስገልጥ የስፌቱ ሽቦ ላልቶ፣ ሥሩ ላይ የተቀደደ ቀጭን የወረቀት ክር ተሰክቶ ቀርቷል። ሰሌዳውም የለም፣ ጠጠሮቹም የሉም። ቁጥር 77 ላይ ደግሞ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። ከሁሉ ያናደደኝ ግን የዴቪድ ትራምፒየር «ወርሚ» የተባለው የሥዕል ተረት ከብዙዎቹ ቁጥሮች የኋላ ገጾች በምላጭ ተቆርጦ መውጣቱ ነው። ቁርጡ ቀጥ ያለ ስለሆነ ገጽ ካልቆጠራችሁ በስተቀር አይታይም። ትራምፒየር ተረቱን በ1988 በቁጥር 132 ላይ ሳይጨርስ አቋርጦ ከሙያው ጠቅልሎ የወጣ ሰው ነው። በመጽሐፍ ተሰብስቦ ስላልታተመ እነዚያን ገጾች የሚያጣ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ በቀላሉ አያገኛቸውም። እዚህ ላይ የተሸጠልኝ መጽሔት እንደ መጽሔት አይቆጠርም።

ለሻጩ ስጽፍለት የመለሰው «እንዳለ ነው የሸጥኩት፣ መመለስ የለም» የሚል ነው። ይህን መልስ አትቀበሉ። በትልልቆቹ የኦንላይን ገበያዎች ሻጩ «አልመልስም» ብሎ ቢጽፍም እንኳ ዕቃው በማስታወቂያው ከተገለጸው ውጪ ከሆነ ገዢው ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው። «ከነአባሪዎቻቸው» ብሎ ጽፎ አባሪ የሌለው ከላከ ጉዳዩ ግልጽ ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ ከሽያጭ በኋላ ቃላቱ ሊለወጡ ይችላሉ።

ግን ለእኛ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱን ነው በተለይ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው። የገዢ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን አካባቢ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ካርቶኑ ሜሪላንድ የአክስቴ ልጅ በር ላይ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ ቦሌ ከገባበት አይደለም። የእኛ ልማድ ደግሞ ይታወቃል፦ ዕቃው ዘመድ ቤት ይደርሳል፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ወረቀት ከባድ ስለሆነ ከሻንጣው 23 ኪሎ ላይ ቦታ እስኪተርፍ ይጠበቃል። ፋሲካም ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ ስትከፍቱት ዋስትናው ካበቃ ወራት ሆኖታል። በጥቅል የሚሸጡት የውጭ አገር ገዢ ሲያዩ ለምን ደስ እንደሚላቸው ከዚህ በኋላ ገባኝ።

የመላኪያውንም ነገር ልናገር። ሻጩ ለመላኪያ ውድ ዋጋ አስከፍሎ የላከው በሚዲያ ሜይል ነው። ይህ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመጻሕፍትና ለመሳሰሉት የሚሰጠው ርካሽ አገልግሎት ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ያለበት መጽሔት በዚህ እንዲላክ አይፈቀድም። ድራጎን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የዳይስና የአሻንጉሊት ወታደር ማስታወቂያ ነው። ፖስታ ቤቱ ካርቶኑን ከፍቶ የመመርመር መብት አለው፤ ማስታወቂያ ካገኘም የዋጋውን ልዩነት ተቀባዩ እንዲከፍል ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅም ከኪሱ ከፈለ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በምን እንደሚላክ ጠይቁ፤ «ሚዲያ ሜይል» ካለ ሻጩ ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ ልዩነቱን ወደ ኪሱ እያስገባ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። «የባርባሪያን የመጀመሪያ መታያ» እየተባለ ቁጥር 63 በውድ ይሸጣል፤ ቁጥር 69 በሌባ አክሮባቱ፣ ቁጥር 72 ደግሞ በካቫሊየሩ እንዲሁ። እነዚህ ተጫዋቹ የሚመርጣቸው የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች ናቸው፤ ሦስቱም በ1985 በወጣው «አንኧርዝድ አርካና» መጽሐፍ ውስጥ ተካተዋል። ለመሰብሰብ ከሆነ የራሳችሁ ምርጫ ነው፤ ለመጫወት ከሆነ ግን ያን ዋጋ አትክፈሉ። የእንግሊዙን ዋይት ድዋርፍ መጽሔት በጥቅል የምትፈልጉም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እዩ። በ1977 ሲጀመር በኢያን ሊቪንግስተን አዘጋጅነት ለሁሉም የሚና ጨዋታዎች ክፍት ነበር፣ ጊትያንኪዎች የሚባሉት የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጭራቆች እንኳ የተወለዱት እዚያ ገጾች ላይ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ዋርሃመር የተባለው የአሳታሚው የራሱ የጦርነት ጨዋታ መጽሔት ሆነ። «ሃምሳ ቁጥር ዋይት ድዋርፍ» የሚለው ጥቅል አብዛኛው ከዚያ በኋላ ያለው ሊሆን ይችላል።

በዲስክ ወይም በፍላሽ «ሙሉው ድራጎን፣ 359ኙም ቁጥር» የሚሏችሁን ጭራሽ አትንኩ። ሕጋዊው ስብስብ በ1999 የወጣው ነው፤ አምስት ሲዲ ሲሆን የያዘው የመጀመሪያዎቹን 250 ቁጥሮችና ሰባቱን የስትራቴጂክ ሪቪው እትሞች ነው። ከዚያ በላይ አለኝ የሚል ሰው የሚሸጥላችሁ ሌሎች በነጻ ስካን ያደረጉትን ነው። ኦሪጅናሉን ሲዲ ስትገዙም የአምስቱም ዲስኮች ገጽታ በፎቶ ይታያችሁ፤ በቤት የተቀዳ ዲስክ በኦሪጅናሉ ሳጥን ውስጥ ተጨምሮ ሲሸጥ አይቻለሁ። አብሮት የሚመጣው የማንበቢያ ፕሮግራም በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ ያስቸግራል፣ የመጽሔቶቹ ፋይሎች ግን ፒዲኤፍ ስለሆኑ በቀጥታ ይከፈታሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሲዲ ማጫወቻ እንደሌላቸውም አስቡበት።

ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመክረው «ቤስት ኦቭ ድራጎን» የተባሉትን አምስት ጥራዞች ነው። በ1980ዎቹ ቲ.ኤስ.አር. ራሱ የተመረጡ ጽሑፎችን ሰብስቦ ያሳተማቸው ናቸው። ከነጠላ ቁጥሮቹ ይልቅ ርካሽ ናቸው፣ መሃላቸው ላይ የሚሰረቅ ነገርም የለም።

ነጠላ ቁጥሮችን ወይም ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ግን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩን የሁለት ነገር ፎቶ ጠይቁት፦ የማውጫው ገጽና መሃሉ ተገልጦ ስፌቱ የሚታይበት። ማውጫው አባሪ አለ ካለ አባሪው በፎቶው ላይ መታየት አለበት፤ ጠጠሮቹ ያልተቆረጡ መሆናቸውንም በግልጽ ጽፎ ይመልስላችሁ። «ብዙ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማንሳት አይመቸኝም» ካለ ተዉት። ሻጋታ እንዳለና እንደሌለም ጠይቁ፤ ምድር ቤት የተቀመጠ ወረቀት ሽታው ወደ ሌሎቹም ይሻገራል፣ በሻንጣ ውስጥ ተጨቁኖ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ዘመድ ቤት ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ካርቶን ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ይክፈቱት፣ በቪዲዮ እያሳዩአችሁ ገጹን አብራችሁ ቁጠሩ። የጎደለ ካለ እዚያው እያለ ቅሬታችሁን አስገቡ።