በሐዋሳ በቅናሽ የሚሸጠውን የበረደ የዓሣ ፊሌቶ ለምትገዙ ሁሉ

በዚህ የፆም ሰሞን በየሰፈሩ በላስቲክ ታስሮ፣ ከሐይቁ ዳር ዋጋ በሲሶ ያህል ቀንሶ የሚሸጠውን የበረደ ፊሌቶ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሱቅ «የዛሬ ጠዋት ቆሮሶ ነው» ተብዬ ሦስት ኪሎ ገዛሁ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስለነበረ ምንም አልሸተተኝም። ማታ በረዶው ሲለቅ ግን ላስቲኩ ውስጥ የደፈረሰ ውኃ አቆረ፤ ሥጋውን ነክቼ ጣቶቼን ሳላቅቅ ልጋጉ እንደ ክር ተሳበ፤ ከተቀባው ሎሚ ሥር ደግሞ የከረመ ጥቅል ጎመን የመሰለ ጠረን ወጣ። መልሼ ብወስደው ሻጩ «እህቴ፣ በደህና ተረክበሻል» ብሎ ገንዘቤን ከለከለኝ።

የጤነኛ ዓሣ ሥጋ ዓሣው በሕይወት ሳለ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በቆዳው፣ በስንጥቡና በሆድ ዕቃው ውስጥ ሲሆን፣ ዓሣው ከሞተ በኋላ ወደ ሥጋው ይዘልቃሉ፤ ያልታጠበ ቢላዋና መክተፊያ ደግሞ ፊሌቶ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ያዳርሳቸዋል። ወተት ሲበላሽ ይጎመዝዛል፤ አሲዱም ሌላውን ባክቴሪያ ይገታል። እንጀራም ሊጡ ቦክቶ ስለሚጋገር ባክቴሪያ ብዙም አይደፍረውም፤ የሚያበላሸው ሻጋታ ነው፣ እሱም በዓይን ይታያል። ዓሣ ግን እርጥብ፣ ፕሮቲን የበዛበትና አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ ባክቴሪያን የሚገታ ነገር የለውም። ፕሱዶሞናስ የሚባሉት ዝርያዎች በፍሪጅ ቅዝቃዜ እንኳ ይራባሉ፤ ድኝ ያለባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች ሲሰባብሩም ያ የጎመን ጠረን ይፈጠራል።

ብዙዎቻችን «በረዶ ከሆነ አይበላሽም» እንላለን፣ እኔም እል ነበር። ቅዝቃዜው አብዛኛውን ባክቴሪያ ከሥራ ያስቆመዋል እንጂ ጨርሶ አይገድለውም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የተበላሸ ዓሣ ከነብልሽቱ ይጠጥራል፣ በረዶው ሲለቅም ባክቴሪያው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሄዶ ሲቆይና ተመልሶ ሲመጣ ፍሪዘር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። «ደህና አድርጌ እጠብሰዋለሁ» ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ ከሰው እጅ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ውኃ በሚፈላበት ሙቀት እንኳ በቀላሉ አይጠፋም። በዳጣ ጥሬውን የምትበሉ ደግሞ ያ እሳት እንኳ የላችሁም።

የዓሣ ትኩስነት የሚታወቀው ከጎላና ከጠራ ዓይኑ፣ ከቀላ ስንጥቡና በጣት ሲጫኑት መልሶ ከሚነሳው ሥጋው ነው። በታሰረው ፊሌቶ ላይ ዓይኑም ስንጥቡም አስቀድመው ተወግደዋል፣ ሥጋው ጠጥሯል፣ ጠረኑም በሎሚ ተሸፍኗል። ስለዚህ ሙሉውን ዓሣ አይታችሁ ግዙና ፊሌቶውን እዚያው ፊታችሁ አስወጡ፤ የማስወጫው ክፍያ እኔ ከከሰርኩት ጋር አይወዳደርም። የበረደውን መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ላስቲኩን ገልብጣችሁ ግርጌውን እዩት፤ በረዶው እንደ መስታወት ተነጥፎ ካገኛችሁት ያ ዓሣ አንድ ጊዜ ቀልጦ ዳግም የጠጠረ ሊሆን ይችላል። የእኔም እንዲያ ነበር፤ ያየሁት ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ትናንት በዚያው ሱቅ በኩል ሳልፍ የቅናሹ ማስታወቂያ አሁንም በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር።